ነፃነት፣ ከአራት ሰዓት ተኩል ጀምሮ

ሐሙስ ጠዋት ኖልዌን ሷዚግን ሳትስማት አለፈች።

በኬርማዴክ ወደብ ሰላምታ አንድ ጉንጭ ነው። ሁለት የሚስሙት ከፓሪስ የሚመጡት ናቸው፤ አራት የሚስሙት ደግሞ ከናንት ወዲያ ያሉት፣ ሥራ የፈቱት ናቸው ይባላል። በሰርዲን ፋብሪካው የሚሠሩት አርባ ሴቶች ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነጭ ቆባቸውን እያጠለቁ አንዳንድ ጉንጭ ተሳስመው ወደ ጠረጴዛቸው ይሄዳሉ። አርባ ሴት በሦስት ደቂቃ። ጉንፋን የያዛትም ትሳማለች፣ ባሏ ጥሏት የሄደባትም ትሳማለች። ሳይሳሙ መተላለፍ ጠብ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ኖልዌን ዓይኗን የግድግዳው ሰዓት ላይ ተክላ ሷዚግን እንደ ምሰሶ ዞራት ስታልፍ፣ የመጀመሪያው ቆርቆሮ ሳይሞላ ወሬው የጠረጴዛው ጫፍ ደርሶ ተመልሶ መጣ።

"ሳትስማት አለፈች።"

"ማን?"

"ኖልዌን ናታ! ሷዚግን።"

"ተዪ እንጂ! ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እኮ አንድ ላይ ናቸው።"

"በዓይኔ በብረቱ አየሁ ስልሽ!"

ከጠረጴዛው ራስጌ የኖልዌን እናት ሮዘን፣ የመስመሩ ኃላፊ፣ ቀና ሳትል "ዓሣው የሚቆረጠው በቢላዋ ነው፣ በምላስ አይደለም" አለች። ዝም አሉ። ለአንድ አራት ደቂቃ ያህል።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ የፊልም ሰዎቹ የመጡ ዕለት ነው።

ፊልሙ ኮሜዲ ነበር፤ ርዕሱም "ያለ ማንም ፈቃድ"። የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ የሆኑ ሁለት ወጣት ሴቶች ቤተሰቡንም አለቃውንም እምቢ ብለው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ ሲያስገቡ ያሳያል። የጻፈው ወንድ ነበር። ካሜራውን የሚይዘውም ወንድ፣ መብራቱን የሚያበራውም ወንድ። ከቡድኑ መሃል አንዲት ሴት ብትኖር ፀጉር የምትሠራዋ ነበረች፤ እሷም ጠዋት ጠዋት በቅድሚያ የምትሠራው የዳይሬክተሩን ፀጉር ነበር።

ዳይሬክተሩ ኦሬልዬን ቫልክሮ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ባለ መስመር የመርከበኛ ሹራብ የለበሰ ሰው ነው። በኬርማዴክ እንዲህ ዓይነት ሹራብ የሚለብሰው ለእረፍት የመጣ ሰው ብቻ ነው። በመጣ ዕለት የፋብሪካው ግቢ ውስጥ የዓሣ ሣጥን ላይ ወጣና እጁን ዘረጋ።

"እርስዎ አትበሉኝ! አንተ በሉኝ! እኔ ከእናንተው አንዱ ነኝ። እዚህ የመጣሁት ላስተምር አይደለም፤ ልማር ነው።"

ከዚያም ለሁለት ሰዓት አስተማራቸው።

ሴቶቹ በትዕግሥት አዳመጡ። ሲጨርስም "እሺ፣ እንዳሉ" አሉት።

የሚፈልገው ሁለት እውነተኛ ጓደኛሞች ነበር። ፋብሪካው በሙሉ ኖልዌንንና ሷዚግን ገፍቶ አቀረበለት። መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ ካሜራው ተደገነ።

"በሉ፣ ጓደኛሞች ሁኑ" አለ ቫልክሮ።

ሁለቱ ተያዩ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ዴስክ፣ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ጓደኛሞች ሁኑ ሲባሉ ምን ያደርጋሉ? ሷዚግ እጇን ዘርግታ ከኖልዌን ቅንድብ ላይ አንድ የሰርዲን ቅርፊት አነሳች። ኖልዌን ምንም አላለችም። ከዚያ ሁለቱም በመስኮቱ ጀልባዎቹን አዩ።

"ካት" አለ ቫልክሮ ግንባሩን እያሸ። "የኔ እህቶች፣ ጓደኝነቱ የታለ? እኔ አይታየኝም። ጓደኛሞች ይስቃሉ! ይተቃቀፋሉ! ከነልብሳቸው ባሕር ውስጥ ይዘላሉ!"

"ውሃው ዐሥራ ሁለት ዲግሪ ነው እኮ" አለች ኖልዌን።

ሷዚግ በዚህ ሳቀች። የሷ ሳቅ ከሆዷ የሚነሳ፣ ትከሻዋን የሚያንቀጠቅጥ ሳቅ ነው፤ ኖልዌን ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ሳቅ ስታስነሳ ኖራለች፣ ራሷ ግን ጮክ ብላ ስትስቅ ያየ ጥቂት ነው። ቫልክሮ ከወንበሩ ተነሳ።

"እሷ! እሷን እወስዳለሁ።" ከዚያ ወደ ኖልዌን ዞሮ፣ ሐኪም መርዶ ሲያረዳ እንደሚያደርገው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንቺ የሷዚግ ጓደኛ ነሽ ብባል አላምንም። አትቀየሚኝ።"

የሷዚግን ጓደኛ ሆና እንድትሠራ ክሎቲልድ የምትባል ተዋናይት ከፓሪስ መጣች። ኖልዌንም ሁለት ሥራ ተሰጣት። አንዱ ለክሎቲልድ ሰርዲን በቆርቆሮ መደርደር ማስተማር ነው። ሌላው፣ ክሎቲልድ ቡናዋን እስክትጨርስ፣ መብራቱ እስኪስተካከል ድረስ በሷ ቦታ መቆም። ቁመታቸው እኩል ነበር።

ክሎቲልድ ክፉ ሰው አይደለችም። ዓሣውን ትኩሳት እንደሚለካ ሰው በሁለት ጣት ትነካው ነበር እንጂ ለመማር ፈቃደኛ ነበረች። በየሰዓቱ ግን ፓሪስ ትደውላለች። "እማዬ፣ ቦቲውን ቢጫ አድርገውታል፤ እሺ ልበል?" ትላለች።

በየምሽቱ የነገው ሥራ ዝርዝር በፋብሪካው በር ላይ ይለጠፋል። ሴቶቹ ሥራ ሲወጡ ቆመው ጮክ ብለው ያነቡታል። "ሁለት ሰዓት፦ አለቃውን መድፈር። ሦስት ሰዓት ተኩል፦ ጓደኝነት፤ ዝናብ ከጣለ መጋዘን ውስጥ።" ረቡዕ ማታ የተለጠፈው ደግሞ እስከ ዓርብ ድረስ ያለውን ይዟል። ኖልዌን የዓርቡን ሁለቴ አነበበችው፦ "ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት፦ ነፃነት። ሷዚግ፣ ክሎቲልድ፣ እናት፣ አርባ ሴቶች።"

ዓርብ ከስድስት ሰዓት በፊት ግን ቤቱን መፈረም ነበረባቸው።

ቤቱ ከአሮጌው ዳቦ ቤት በላይ ያለው ነው። ሁለት ክፍል፣ ወደ ወደቡ የሚያይ አንድ መስኮት፣ እና ምድጃው ከጠፋ ስምንት ዓመት ቢሆነውም ዳቦ ዳቦ የሚሸት ደረጃ። ሦስት ዓመት ጠብቀውታል። አከራይዋ ማዳም ኬሩዛን "ሁለታችሁም፣ አንድ ላይ፣ ዓርብ ከስድስት ሰዓት በፊት። ሌሎች ፈላጊዎች አሉ" ብላቸዋለች። ማዳም ኬሩዛን ቢሮዋን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለምሳ ትዘጋለች፤ ጎርፍ በመጣ ዓመት እንኳ ዘግታለች።

ኖልዌን ሷዚግን ከፋብሪካው ግንብ ሥር አገኘቻት።

"የዓርቡን አየሽው?"

"አየሁት። ትልቁ ትዕይንቴ ነው።"

"ፊርማውስ?"

"ማዳም ኬሩዛንን አንድ ቀን ጨምሪልን በያታ!"

"ሌሎች ሰዎች አሉ ብላለች እኮ፣ ሷዚግ።"

"እንዲህ ያለ ነገር ለኔ ስንቴ ይመጣል? እስቲ ንገሪኝ፣ ስንቴ?"

"ቤቱስ ስንቴ ይመጣል?"

ሷዚግ ፊቷ ቀላ። "አንቺ ስለ ቤት አታውሪ! ለናትሽ ነግረሻታል?"

ኖልዌን ቆቧን ማጣጠፍ ጀመረች።

"አየሽ? ሻንጣሽን ሸክፈሽ አልጋ ሥር ደብቀሻል። እናትሽ ስትመጣ አፍሽ ይያዛል። ቁልፉን ብንቀበል እንኳ ማታ ማታ ለሾርባ ወደሷ ልትሮጪ ነው። እኔ ቢያንስ በፊልም ከቤት እወጣለሁ፤ አንቺ በፊልምም አልወጣሽ!"

እውነት ነበር። አባቷ ሎርያን ከተማ ሄዶ ሌላ ቤት ከመሠረተ ወዲህ ኖልዌንና እናቷ በአንድ ትንሽ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው ራት የሚበሉት። ኖልዌን በያንዳንዱ ማታ "እማ፣ አንድ ነገር" ብላ ትጀምርና፣ እናቷ ማንኪያዋን ይዛ ቀና ስትል "ጨው ታቀብዪኛለሽ?" ብላ ትጨርሳለች። ሻንጣውን ከሸከፈች ወዲህ ባሉት አራት ወራት የበላችው ጨው ለአንድ ጀልባ ዓሣ ይበቃል።

ሐሙስ ሳትስማት አለፈች። ዓርብም አለፈች።

ዓርብ ዕለት ዝናብ አልነበረም፤ ስለዚህ ነፃነቱ ወደቡ ላይ ሆነ። አርባዎቹ ሴቶች ከነቆባቸው ተሰለፉ። ቆቦቹ ለሠራተኛ ቆብ ከመጠን በላይ ንጹሕ ናቸው ተብሎ ሻይ ተረጨባቸው። ኖልዌን በክሎቲልድ ቦታ፣ ድንጋዩ ላይ በፕላስተር በተሠራ መስቀል ላይ እንድትቆም ተደረገ። ከአንድ እርምጃ ማዶ፣ በሌላ መስቀል ላይ፣ ሷዚግ ቆማለች። ረዳት ዳይሬክተሩ ባርናቤ ከካሜራው እስከ አፍንጫቸው በሜትር ለካ።

"እንዳትነቃነቁ። ተያዩ። እንደምትዋደዱ ሁኑ፤ ለመብራቱ ነው።"

ተያዩ። የሚሸሹበት አልነበረም። መብራቱ ወደ ቀኝ ተገፋ፣ ወደ ግራ ተመለሰ። አንድ ሩብ ሰዓት እንዲህ አለፈ።

"ስንት ሰዓት ነው?" አለች ሷዚግ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

"አምስት አልፏል።"

"ሂጂና ብቻሽን ፈርሚ።"

"ብቻ አይሆንም ብላለች። ቢሆንም ብቻዬን አልፈልገውም።"

መብራቱ ከፍ አለ።

"ሁለት ቀን ሳትስሚኝ አለፍሽ።"

"አዎ።"

"የሆድ ድርቀት የያዘሽ ነው የምትመስዪው ስታኮርፊ።"

ኖልዌን ከንፈሯን ነከሰች። "ፊት አይንቀሳቀስ!" ብሎ መብራት ሠራተኛው ከላይ ጮኸ።

"አልነገርኳትም" አለች ኖልዌን በሹክሹክታ። "ትናንትም ሞከርኩ። ጨው አቀበለችኝ።"

ሷዚግ መልስ ልትሰጥ ስትል ክሎቲልድ ቡናዋን ጨርሳ መጣች፤ ኖልዌንም ቦታውን ለቃ ከካሜራው ኋላ ሄደች። ሻንጣውን ያየችው ያኔ ነው።

ለትዕይንቱ አሮጌ ሻንጣ ተፈልጎ ከመንደሩ ሴቶች ተጠይቆ ነበር። ያመጣችው ሮዘን ናት። ሰማያዊ ነው፤ እጀታው ተበጥሶ በመረብ ክር የታሰረ። ክሩን ያሰረችው ኖልዌን ራሷ ናት።

"ደስ የሚል ሻንጣ ነው" አለ የዕቃ ኃላፊው። "እውነተኛ ክብደት አለው።"

ኖልዌን በውስጡ ያለውን ሁሉ ታውቀዋለች።

ቫልክሮ የሮዘንን ትከሻ ያዘ። ከልካይ እናት አድርጎ የመረጣት፣ ፊቷ አይቶ የማያውቀው ዓይነት ኮስታራ ነው ብሎ ነበር። "አንቺ እናት ነሽ። ልጅሽ ልትሄድብሽ ነው። ሻንጣውን ትይዢና 'አትሄጂም!' ትያለሽ። ከአንጀትሽ። አክሽን!"

ሮዘን ሻንጣውን ያዘች። ክሎቲልድን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። "አትሄጂም" አለች፤ አውቶቡሱ ዛሬ የለም እንደሚባለው።

"ካት! ሮዘን፣ ሕመም! ሕመም እፈልጋለሁ! አክሽን!"

"አትሄጂም። እ... ብትሄጂም ካፖርት ልበሽ፣ ነፋስ አለ።"

ሴቶቹ ቆባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ካት! ካት! አንቺ እኮ ትከለክያታለሽ!"

"ለምን ብዬ ነው የምከለክላት?"

"ስለምትወጃታ!"

"ስለምወዳትማ ትሂድ!" ሮዘን ሻንጣውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው። "ይኸውልዎ ጌታዬ፣ እኔ ቤት አንዲት ሃያ ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ አለች። ይህን ሻንጣ ሸክፋ አልጋዋ ሥር ካስቀመጠች አራት ወሯ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስጠርግ አቧራውን አራግፍላታለሁ። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እላለሁ። ወይ ፍንክች! ጨው ብቻ። የባሕር መብራት ማማ ያለበት፣ አምስት ሺህ ቁርጥራጭ የሆነ የሚገጣጠም ሥዕል አለኝ፤ የምዘረጋበት አጥቼ ስድስት ዓመት ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል። ክፍሉን እፈልገዋለሁ!"

 ከዚያ አርባ ቆብ በአንድ ጊዜ ወደ ኖልዌን ዞረ።

ጆሮዋ ጋለ። ብዙ ሰው ፊት መናገር እንኳንስ ዛሬ በደህና ቀንም አይሆንላትም። "እማ፣ አንድ ነገር" አለች፤ በአካባቢው ጨው አልነበረም። "ከሷዚግ ጋር ቤት ልከራይ ነው።"

"ከዳቦ ቤቱ በላይ" አለች ሮዘን። "ኬሩዛን ስድስት ላይ ትዘጋለች። አሁን ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው።"

ቫልክሮ እያጨበጨበ ዘለለ። "ይሄ ነው! ሕይወት ማለት ይሄ ነው! ቀረጽን?"

"አልቀረጽንም" አለ ባርናቤ። "ካት ብለህ ነበር።"

"እንደገና! ሁሉም ወደ ቦታው! ሮዘን፣ ያንኑ ቃል በቃል ትደግሚዋለሽ፤ ግን በእንባ!"

"አንተ ልጅ" አለችው ሮዘን። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። "ምሳ ሰዓት ደርሷል።"

ኖልዌን ወደ ካሜራው ፊት ሄደች፤ ሻንጣዋን አነሳች። ከዚያ ቆማ ሷዚግን አየቻት።  ሁሉ ነገር አሁን ያለው እዚያ መስቀል ላይ በቆሙት የሷዚግ ሁለት ቢጫ ቦቲዎች ዘንድ ነበር።

ሷዚግ ወደ ቫልክሮ ዞረች። "ጌታዬ፣ ለሩብ ሰዓት ብቻ ብሄድና ብመለስ..."

"የኔ ቆንጆ" አለ ቫልክሮ፣ ትዕግሥቱ አልቆ፣ "ማንንም ሳታስፈቅጂ የምትሄጂበትን ትዕይንት ሳንጨርስ፣ ያለ እኔ ፈቃድ ከዚህ ማንም ንቅንቅ አይልም!"

እሱ የተናገረውን አልሰማውም። አርባዎቹ ሴቶች ሰሙት። ሳቁ ከሰልፉ ጫፍ ተነስቶ፣ እንደ ወሬያቸው፣ ሌላው ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ሷዚግ ብቻ አልሳቀችም። ቁልቁል መስቀሉን አየችው፣ ከዚያ መጀመሪያ አንድ ቦቲ፣ ቀጥሎ ሌላውን ከላዩ አነሳች፤ መጥታም የሻንጣውን እጀታ በአንድ በኩል ያዘች።

ከኋላቸው ክሎቲልድ ስልኳን ስታወጣ ሰሙ። "እማዬ፣ ሄዱ እኮ። እኔስ ምን ላድርግ?"

የቤተክርስቲያኑን ደረጃ ሻንጣውን በመሃላቸው እያወዛወዙ በሩጫ ወጡ። ሲደርሱ ማዳም ኬሩዛን የቢሮዋን በር መዝጊያ ብረት ግማሽ ድረስ አውርዳዋለች።

"ደርሰናል! ደርሰናል፣ ማዳም ኬሩዛን!"

"አያለሁ። ምሳም ደርሷል።"

"ሁለት ደቂቃ አለ እኮ!"

"ውሉን ለማንበብ ብቻ ዐሥር ደቂቃ ይፈጃል። ሳታነቡ የምትፈርሙ ሰዎች ከሆናችሁ ደግሞ ከነጭራሹ አላከራያችሁም።"

"ሌሎቹስ?"

"ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ያን ጊዜ በሩ ላይ ቀድሞ የተገኘ ይፈርማል።" ብረቱ ወረደ። ቆየት ብሎም ከፎቅ የተጠበሰ ቅቤ ሽታ መጣ።

ሻንጣው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሷዚግ ቦቲዎቹን አውልቃ ጣቶቿን አንቀሳቀሰች።

"የቀረብኝ አለ" አለች ጉንጯን እያሳየች።

"ሁለት ነው የቀረብሽ። የትናንቱም አለ።"

"ሁለት ከሳምሽኝማ ፓሪስ ገባን።"

ኖልዌን አንድ ሳመቻት። ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። ሮዘን ዳቦ በቅቤ ይዛ መጣችና ጭናቸው ላይ አስቀመጠች፤ "የክፍልሽን መደርደሪያ ትወስጂዋለሽ ወይስ ትተዪልኛለሽ?" ብላ ጠየቀች፤ ኖልዌን እንደምትተወው ስትነግራት ደስ ብሏት ሄደች። ሷዚግ እጇን ዘርግታ ከኖልዌን ቅንድብ ላይ አንድ ቅርፊት አነሳች። ኖልዌን ምንም አላለችም። ሁለቱም ጀልባዎቹን አዩ።

ቫልክሮና ቡድኑ ለምሳ በዚያው መንገድ አለፉ።

"እያቸው" አለ ቫልክሮ ለባርናቤ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። "አፋቸው ተለጉሞ ተቀምጠዋል። ጓደኝነት የለ፣ ነፃነት የለ። ከእውነተኛ ሰው ጋር መሥራት ትርፉ ይሄ ነው። በሷዚግ ቦታ ከፓሪስ አስመጣ።"

ሷዚግ የያዘችውን ዳቦ ሳትነክሰው ቆየች። ኖልዌን በዓይኗ ጠርዝ አየቻት።

"ቆጨሽ?"

"አዎ" አለች ሷዚግ። ትንሽ ቆይታም "ማክሰኞ ከነልብሴ ባሕር ልገባ ነበር" አለች።

"ዐሥራ ሁለት ዲግሪ።"

"ዐሥራ ሁለት።" ዳቦውን ነከሰችው።

ለስምንት ሰዓት ዐሥር ጉዳይ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ውሻ ይዘው መጡ። ሻንጣውን አዩ፣ ባዶ እግሯን የተቀመጠችውን ሴት አዩ፣ ከኋላቸው ተሰለፉ። በስምንት ሰዓት ብረቱ ተነሳ። ማዳም ኬሩዛን መነጽሯን አድርጋ ውሉን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ፣ ጮክ ብላ፣ አንድም ቃል ሳትዘል አነበበችላቸው። ስለ ቧንቧው፣ ስለ ጭስ ማውጫው፣ ስለ ደረጃው መጥረጊያ ተራ። ጸጥ ብለው አዳመጡ።

"ቁጥር ሰባት" አለች። "ተከራዮች ያለ አከራይዋ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት አይችሉም።"

ኖልዌን ሷዚግን አየቻት። ሷዚግ ኖልዌንን አየቻት። መጀመሪያ ትከሻ ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ ሳቁ ወጣ፤ የኖልዌንም ጭምር፣ ጮክ ብሎ፣ እንባዋ እስኪፈስ። ተቃቀፉ፣ ወንበሩ ተገለበጠ፣ ውጭ ውሻው ጮኸ፣ ማዳም ኬሩዛንም መነጽሯን አውልቃ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

ልክ ቫልክሮ እንደፈለገው ዓይነት ነበር። እሱ ግን በዚያ ሰዓት ወደቡ ላይ፣ ከአራት ሰዓት ተኩል የተጀመረውን ነፃነት ወደ ሰኞ ያስተላልፍ ነበር፤ ዝናብ ከጣለ መጋዘን ውስጥ።